የፍሪጅ ሞተርና ሰማያዊ ቀለም

መኪናን ግቢ ውስጥ መቀባት ምን የሚሉት ጣጣ ነው የሚል ሰው የጋራዥ ዋጋ ጠይቆ የማያውቅ መሆን አለበት። በ1980ዎቹ እኛ ሰፈር፣ አብነት፣ ታክሲ ያለው ሰው ባለሀብት ይባል ነበር፤ ሀብቱ ግን ያችው አንዲት ላዳ ነበረች። እሷ ከቆመች የቤቱ ወጪ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ማታ ሥራ ሲያበቃ የተጋጨው ፓራውልት ይፈታና በሰው ትከሻ ወደ አጎቴ ግቢ ይመጣል፤ ቀለሙ ሲደርቅ ተመልሶ ይገጠማል። መኪናዋ እስከዚያው ያለ ፓራውልት ትሠራለች። ትራፊክ ካስቆማት «ቀለም ላይ ነው» ይባላል፤ አንዱ ስቆ ያሳልፋል፣ ሌላው ይቀጣል።

አጎቴ በደመወዝ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነበረው። ላሜራ ማቅናትና ስቱኮ መሙላት የለመደው በጎረምሳነቱ፣ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ያደጉ አንድ ሽማግሌ እጅ ሥር ሆኖ ነው። ከእሳቸው የቀሰመው ሙያ ብቻ አልነበረም፤ ቁጣቸውንም ወርሷል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ጋሼ» ነበር የሚለው። እኔ የእህቱ ልጅ ስለሆንኩ ተጨማሪ ማዕረግ ነበረኝ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ ጭራ ይዤ ዝንብ አባርራለሁ።

የመጀመሪያ መሣሪያው ፍሊት ነበር። ለትንኝና ለቁንጫ መድኃኒት የሚረጭበትን፣ በአንድ እጅ ጣሳው ተይዞ በሌላው እጀታው የሚገፋውንና የሚሳበውን ዕቃ የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሠራሩ ከትልቁ ስፕሬይ አይለይም። ፈጣን አየር በቀጭን ቱቦ አፍ ላይ ሲያልፍ እዚያ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ከታች ያለው ፈሳሽ ይሳብና ይወጣል፤ አየሩም ተቀብሎ ይበትነዋል። ችግሩ አየሩ የሚመጣው ከክንድ መሆኑ ነው። ክንድ ሲገፋ ይረጫል፣ ሲስብ ያቋርጣል። በዚህ የተነሣ በፍሊት የተቀባ ነገር ሁሉ ዥንጉርጉር ሆኖ ነበር የሚወጣው። ለቸርኬና ለፓራውልት የውስጥ ገጽ ይበቃል። ለኮፋኖ ግን አጎቴ ራሱ አልደፈረውም።

ቀጥሎ ጎማ መጣ። ጎሚስታ ዘንድ ትርፍ ጎማ አስነፍቶ፣ ቫልቩ ላይ ቱቦ ሰክቶ፣ በርካሽ ካገኛት አሮጌ ስፕሬይ ጋር አገናኘው። ሐሳቡን የወሰደው ከቮልስ ነው። የድሮዋ ቮልስ የመስታወት ማጠቢያ ውሃዋን የምትገፋው ከፊት ባስቀመጠችው ትርፍ ጎማ አየር ነበር። «ጀርመን ካደረገው እኔን ማን ይከለክለኛል?» ይል ነበር አጎቴ። የመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ግሩም ነበሩ። ከዚያ ጎማው እየተነፈሰ ሲሄድ ግፊቱ ይወርዳል፤ ጭጋግ ሆኖ ይወጣ የነበረው ቀለም ነጠብጣብ መትፋት ይጀምራል። ሌላም ጉድ ነበረው። የከመነዳሪ ውስጡ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ታልክ ይነሰነስበታል፤ ያ ነጭ ዱቄት ከአየሩ ጋር እየወጣ እርጥብ ቀለም ላይ ያርፋል። ለአንድ ቮልስ ፓራፋንጎ የተደከመበት የሰማያዊ ቀለም ሥራ በዚህ ምክንያት በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደ አዲስ ሲጀመር አስታውሳለሁ። አጎቴ ያን ቀን ለማንም ሰላምታ አልመለሰም።

መፍትሔው የተገኘው ምናለሽ ተራ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ያችን ተራ ያውቃታል፤ ሰው ያለቀለት ነው ብሎ የጣለው ነገር ሁሉ ሌላ ሥራ የሚያገኝባት ናት። አጎቴ ከዚያ ሁለት ነገር አሸክሞ መጣ። አንዱ ፍሪጁ ሞቶ ሞተሩ ያልሞተ የፍሪጅ ሞተር ነው፤ ሌላው ባዶ የጋዝ ሲሊንደር።

የፍሪጅ ሞተር ድስት የሚያህል የታሸገ ብረት ነው። በአንዱ ቀጭን ቱቦ ይስባል፣ በሌላው ይገፋል። የተሠራው ለማቀዝቀዣ ጋዝ ቢሆንም አየር ቢሰጡትም እምቢ አይልም። ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጎረቤት አይቀሰቅስም፤ በማለዳ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክፉ ጎኑ ዘይቱ ነው። ሞተሩ የሚሠራው በዘይት ውስጥ ተቀምጦ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ዞሮ ዞሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። አየር ሲገፋ ግን የወጣው ዘይት ወጥቶ ይቀራል። በአንድ በኩል ሞተሩ እየደረቀ ይግላል፤ በሌላ በኩል ዘይቱ ከቀለሙ ጋር ይረጫል። ዘይት የነካው ላሜራ ላይ ደግሞ ቀለም አይዝም፤ ከነጥቧ ዙሪያውን ይሸሽና ክብ ጉድጓድ ትቶ ይደርቃል። አጎቴ ይህን ለማስቀረት አንድ ክንድ የሚያህል የብረት ቱቦ ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቆ ማጣሪያ ሠራ፤ ጥጡንም ቶሎ ቶሎ ይቀይረው ነበር።

ሲሊንደሩ የአየር ማጠራቀሚያ ሆነ። በያጁ ከመንካቱ በፊት አጎቴ እስከ አፉ ድረስ ውሃ ሞላበት፤ ውስጡ የቀረ ጋዝ ካለ እሳት እንዳያገኘው ነው። ይህን ጥንቃቄ ከሽማግሌው የተማረው ይመስለኛል፤ ውሃ ሳይሞሉ በርሜል የሚበይዱ ሰዎችን ሲያይ ከመንገድ ማዶ ይሳደብ ነበርና። ከሥሩ የሚጠራቀመውን ውሃ ማፍሰሻ፣ ከላይ የግፊት ጌጅ ተገጠመለት። ግፊት ሲበዛ በራሱ የሚያጠፋው ነገር ግን አልነበረውም። እሱን ሥራ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጌጁ ላይ በእህቴ የጥፍር ቀለም አንዲት ቀይ መስመር ተሠምራለች፤ መርፌው እዚያ ሲደርስ ሶኬቱን እነቅላለሁ፣ ሲወርድ እሰካለሁ። ዛሬ አንድ ሰው ልጁን እንዲህ ካለ ዕቃ አጠገብ ሲያስቀምጥ ባይ ዝም የምል አይመስለኝም። ያኔ ግን ከዝንብ አባራሪነት ያደግሁበት ሹመት ነበር።

ሲሊንደሩ ሞልቶ የሚረጨው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ደህና የሚባል ስፕሬይ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ፣ አንዳንዱም ከ200 ሊትር በላይ አየር ይበላል። የፍሪጅ ሞተር የዚያን እጅግ ትንሹን ነው የሚሰጠው። በዚህ ላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ከጅቡቲ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ማንኛውም ኮምፕሬሰር እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚውጠው በዚያው ልክ ያንሳል። እኛ ግቢ አንድም መኪና ሙሉ በሙሉ ተቀብቶ የማያውቀው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ሁሉ በቁራጭ ነበር። ዛሬ ኮፋኖ፣ ነገ ስፖርቴሎ። የአንዱ ስፖርቴሎ ግማሽ ተረጭቶ ሲሊንደሩ እንዳያልቅ አጎቴ አስቀድሞ እጁን ባዶውን እያወዛወዘ ይለማመዳል፤ ከዳር እስከ ዳር ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ የት ላይ ጣቱን እንደሚያነሣ። ከላሜራው የአንድ ስንዝር ርቀት፤ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍናል። እጅ ቀረብ ካለ ቀለሙ ይወርዳል፤ ራቅ ካለ አየር ላይ ደርቆ ሻካራ ሆኖ ይቀመጣል።

ለዚህ ዓይነት ሥራ የተመቸች ቮልስ ናት። አራቱም ፓራፋንጎዋ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ይፈታል። የላዳ የፊት ፓራፋንጎ ግን በብየዳ ከአካሏ ጋር የተያያዘ ነው፤ እሱን ለመቀባት መኪናዋ ራሷ መምጣት አለባት። ስለዚህ ለላዳ ፓራፋንጎ እሑድ ይጠበቃል። በሌላው ቀን ግን የግቢያችን የኮክ ዛፍ የተንጠለጠለበትን አይቶ፣ መኪናው የት ሄደ ብሎ ያልጠየቀ እንግዳ አልነበረም።

ሰው የቀለም ሥራ ሲባል መርጨቱን ያስባል። መርጨቱ ከሥራው ሁሉ አጭሩ ነው። ዝገት መፋቅ አለ፣ ስቱኮ አለ፤ ስቱኮው በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይሞረዳል፣ በ180 ይለሰልሳል፣ ከአንቲሩጂኑ በኋላ በ400 በውሃ ይታሻል። አጎቴ ላሜራው መቅናቱን የሚያየው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። ቀጭን ጨርቅ ከመዳፉ ሥር አድርጎ ከዳር እስከ ዳር ያሻሸዋል፤ ዓይን የማያየውን ስርጉድ እጁ ያገኘዋል። «ና ዳስስ» ይለኛል። እዳስሳለሁ። «አገኘኸው?» አዎ እላለሁ። ምንም አላገኘሁም።

ቀለሙ ከመረጨቱ በፊት ይጠለላል፤ ለዚህ ከእህቴ ስቶኪንግ የተሻለ ወንፊት አልተገኘም። እህቴ ማታ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ አንድ እግር ብቻ ስታገኝ የሚሰማው ጩኸት ከፍሪጁ ሞተር ይበልጥ ነበር። መቀባት የሌለበት ቦታ ደግሞ በጋዜጣ ይሸፈናል። በቤታችን ያለው ጋዜጣ አዲስ ዘመን ነው። አንድ ነገር ግን አለ፤ ጋዜጣ ቲነር ከጠገበ ቀለሙ ይለቅቃል። አንድ ጊዜ የአንዲት ላዳ ኮፋኖ ጫፍ ላይ የፊት ገጹ ርእስ ተገልብጦ ታትሞ ቀረ። ባለቤቱ መስታወት አምጥቶ አነበበውና አስወጡልኝ ብሎ ሳይሆን ስለ ዜናው ከአጎቴ ጋር መከራከር ጀመረ።

አቧራ ነው ትልቁ ጠላት። ጋራዥ ቤቶች ፎርኖ አላቸው፤ አየሩ ተጣርቶ የሚገባበት፣ ቀለሙም በ60 ዲግሪ ገደማ የሚደርቅበት ክፍል ነው። የእኛ ፎርኖ አራት ባላ፣ በላዩ የፕላስቲክ ሸራ፣ በጎኑ ውሃ የተነከረ አንሶላ ነበር። እርጥቡ አንሶላ በነፋስ የመጣውን አቧራ ይይዛል፤ መሬቱም ውሃ ስለሚርከፈከፍበት አይነሣም። የሚረጨው ነፋስ ሳይነሣ ነው፣ ጧት በማለዳ። ከመርጫው ከሚወጣው ቀለም ውስጥ ግን ላሜራው ላይ የሚያርፈው ሲሶ ያህሉ ነው፤ በዚያ ዓይነት ከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ስፕሬይ ሌላው ሁሉ አየር ላይ ይቀራል። ወዴት ይሄዳል ቢሉ፣ ወደ ጎረቤት። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን እትዬ ለቤተ ክርስቲያን ያጠቡትን ነጠላ አጥር ላይ አስጥተው ነበር። ነፋሱ ዞረ። ነጠላው ነጭ ሆኖ ሰማያዊ ነቁጥ ነቁጥ ሲልበት እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ! ነጠላዬን ታክሲ አደረግኸው እኮ!»

«ይቅርታ እትዬ፣ በቲነር አስለቅቅልዎታለሁ።»

«ተወው! አሁን በቲነር ልታቃጥለው ነው? ከእንግዲህ ሳልከፍል ሚኒባስ እገባበታለሁ።»

አጎቴ ለፋሲካ አዲስ ነጠላ ገዛላቸው። የድሮውንም አልጣሉትም፤ ሊጥ ሲያቦኩ ይሸፍኑበት ነበር።

የዚያ ዘመን ቀለማችን ናይትሮ ነው። መኪና ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድ መኪና በብሩሽ ተቀብቶ እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስድ ነበር። ናይትሮ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚደርቅ አቧራ ጊዜ አያገኝበትም። ፎርኖ ለሌለው ሰው የተሠራ ይመስላል። ክረምት ግን አይወድም። ቲነሩ ቶሎ ሲተን የላሜራውን ገጽ ያቀዘቅዘዋል፤ የሐምሌ እርጥብ አየር ሲነካው ጤዛ ይሠራል፤ ሰማያዊው ቀለም አመድ የነሰነሱበት ዓይነት ይደርቃል። ስለዚህ ከሰኔ ማብቂያ እስከ መስከረም ግቢያችን ጸጥ ይላል። አንዳንዱ ይህን ለማሸነፍ ከሰል አቀጣጥሎ አጠገቡ ያደርጋል። የቲነር ትነት ባለበት ከሰል! አጎቴ ይህን የሚያደርግ ሰው ሲያጋጥመው ከግቢው ይወጣለት ነበር።

የሱ እውነተኛ ተሰጥኦ ቀለም ማዛመድ ነበር። ታክሲ ሁሉ ሰማያዊና ነጭ ነው ይባል ነበር እንጂ ሁለት ላዳ አንድ ዓይነት ሰማያዊ አልነበራቸውም። አንዷ ስምንት ዓመት ፀሐይ መትቷታል፣ ሌላዋ ጥላ ሥር እያደረች ቆይታለች፤ አንዷ በየቀኑ በሳሙና፣ ሌላዋ በናፍታ ትታጠባለች። አጎቴ የወተት ጣሳ ክዳን ላይ ጠብ አድርጎ ያደርቀዋል፤ ቀለም ሲደርቅ መልኩ ስለሚለወጥ እርጥቡን አያምነውም። ከዚያ ክዳኑን ከመኪናዋ ጎን ይይዝና ፀሐይ ላይ ያየዋል፣ ጥላ ውስጥ ያየዋል፣ በጎን ያየዋል። አንድ ጠብታ ጥቁር። እንደገና። አንድ ጠብታ ብጫ፤ ሰማያዊ ላይ ብጫ ምን ሊሠራ ነው ብዬ ስጠይቅ «አረጀች እኮ» ይለኛል።

እነዚያን ቀናት ምን ዓይነት ብልሃት ነበረን እያሉ ማውራት ደስ ይላል፤ እኔም አወራለሁ። ያ ብልሃት ግን የጎደለውን መሣሪያ ሁሉ ከአካል ነበር የሚበደረው። ላሜራውን ከአቧራ የሚጠብቅ አንሶላ ነበረን፤ ቀለሙን ከዘይት የሚጠብቅ ጥጥ ነበረን። ለአጎቴ ሳንባ የነበረው በውሃ የራሰ መሐረብ ብቻ ነው። በሸራው ውስጥ ቆሞ ሲረጭ፣ አቧራ እንዳይገባ የዘጋነው ቀዳዳ ሁሉ ጭሱም እንዳይወጣ የዘጋነው ነበር። ሲወጣ ቅንድቡ ሰማያዊ፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ሰማያዊ ነው። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት ይሰጠዋል። ወተት የቀለም መርዝ ያወርዳል የሚለውን ቀለም ቀቢ ሁሉ፣ በያጅም ጭምር ያምነዋል። ወተት የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ትነቱ የገባው ሳንባ ነው፤ ሁለቱ አይገናኙም። ወተቱ ግን ስለሚጠጣ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል፤ እኔን የሚያናድደኝ ይህ ነው።

የስፕሬይን ታሪክ ሳነብ ያስገረመኝም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። አለን ዴቪልቢስ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ፣ ኦሃዮ ውስጥ ቶሊዶ ከተማ፣ የታመመ ጉሮሮ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ ሠራ። ልጁ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1907 ያንኑ አሳድጎ የዕቃ ቀለም መርጫ አደረገው። የአጎቴ መሣሪያ ትውልዷ ከጉሮሮ ሐኪም ቤት ነው ማለት ነው።

በኋላ ሁለት ሆኖ የሚመጣው ቀለም ገባ፤ ቀለሙ ለብቻ፣ ማድረቂያው ለብቻ። ሳይወለወል ያበራል፣ ቤንዚን አይነካውም፣ ሁሉም ሰው እሱን ይጠይቅ ጀመር። ማድረቂያው ውስጥ ያለው አይሶሳይኔት የሚባለው ኬሚካል ግን እንደ ቲነር በጠረኑ አያስጠነቅቅም። የመተንፈሻ አካልን አስም ያስይዛል፤ አንዴ ከተቆጣ በኋላ ጥቂቱም ይቀሰቅሰዋል። ለዚህ ቀለም ጨርቅ ቀርቶ ባለከሰል ማስክም በቂ አይባልም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ ከውጭ የሚመጣለት ጭንብል ነው የሚያስፈልገው። እኛ ለስፕሬዩ የሚሆን አየር በስንት መከራ ያገኘን ሰዎች ነበርን። አጎቴ ሌሊት ሌሊት ደረቱ ያፏጭ ጀመር። እናቴ ብርድ ነው አለች፤ ዝንጅብል ተፈላ፣ ዳማከሴ ተጨመቀ። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የተጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተናገረ። ሐኪሙ እጁን አየና «ሌላውስ?» አለው።

ከዚያ ወዲህ ስፕሬይ አልጨበጠም። ሞተሩን ወደ ምናለሽ ተራ መልሶ ሸጠው፤ ከገዛበት አትርፎ፤ ማጣሪያውንም እንደ ልዩ ዕቃ አስቆጥሮ። ሲሊንደሩን ግን ለማንም አልሸጠም። ከሥሩ ሲፈስ ውሃው ዝገት መያዝ ጀምሮ ነበርና በመዶሻ ቀጥቅጦ ለቁርጥራጭ ብረት ሰጠው።

ቀለም ማዛመዱ ግን ቀረለት። ጋራዦች ያስጠሩታል፤ መጀመሪያ የሰፈሩ፣ በኋላ የራቁትም። የመኪናውን የቀለም ቁጥር ሲያስገቡለት ልኩን በግራም የሚያወጣ ኮምፒውተር የገዙት ቦታ ድረስ ይጠሩታል። አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ነበር። ወጣቱ ቀላቃይ በማሽኑ ልክ የተዘጋጀውን ሰማያዊ በኩራት አቀረበለት። አጎቴ የጣሳ ክዳን ጠየቀ፤ ጠብ አድርጎ አደረቀና ከላዳዋ ጎን ያዘው።

«ይኼ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራት ነው» አለ። «የዛሬዋን ነው የፈለግነው አይደል?»

ወጣቱ ኮምፒውተሩን አየ፣ አጎቴን አየ፣ ከዚያ ብጫውን አቀበለው። ለዚያች ለአንድ ጠብታ የተቀበለው ዋጋ ቀኑን ሙሉ ሲረጭ ከዋለው ልጅ ዋጋ አላነሰም፤ ስንወጣም ለልጁ ማስክ እንዲገዛለት ባለጋራዡን ሲጨቀጭቀው እስከ በር ሸኘን።